ውሻዋ አስተማሪ ናት ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች በየፊናቸው ላኩልኝ። ሁለቱ «ምን ትያለሽ?» ብለው ነው። አንዷ ግን «ብዬሽ ነበር!» ብላ ነው። ነገሩ ገብቶኛል። ኬጂ አስተምራለሁ። የቴራፒ ውሾች፣ ማለትም ሰው እንዲዳብሳቸው ተፈትነው የሚመጡ ውሾች፣ ከባለቤቶቻቸው ጋር ክፍላችንን ሲጎበኙ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ውሻ ሕፃናት ክፍል አስገብቶ ስለ ርኅራኄና ስለ አካል ጉዳት ማስተማር ፋሽን ነው። ውሻ ስለ ሰው ሊያስተምር አይችልም። የአራት ዓመት ልጅም የሌላውን ስሜት ለመረዳት ገና ነው። ውሻ ይነክሳል፣ ቆሻሻ ያመጣል፣ አለርጂ ያስነሳል። አካል ጉዳተኛን ከእንስሳ ጋር ማያያዝ ስድብ ነው። ውሻውም ይሠቃያል። ጥናት የተባለው ሁሉ ውሃ አያነሳም። በመጨረሻ ጸሐፊው የራሳቸውን አማራጭ ያቀርባሉ፦ የልጆቹን ዓይን በሻሽ ሸፍኖ ክፍል ውስጥ ማስኬድ።

ጥሩ አድርገው ነው የጻፉት። ሁለት ቦታ ላይ ልክ ናቸው፤ እሱንም እናገራለሁ። የቀረውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስም እናጥራ። ጸሐፊው ስለ ቴራፒ ውሻ ጀምረው ሳይታወቃቸው ስለ መሪ ውሻ ማውራት ይቀጥላሉ። «ማየት የተሳነው ሰው ዓይኑ የሆነውን ውሻ ለልጆች መጫወቻ አሳልፎ ይሰጣል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አይሰጥም። ስጥ ያለውም የለም። መሪ ውሻ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ጀርመን ውስጥ ኦልደንቡርግ ላይ የመሪ ውሾች ትምህርት ቤት ሲከፈት የታሰበው በጦርነቱ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነበር። የቴራፒ ውሻ ሥራ ሌላ ነው። ከባለቤቷ ጋር እየሄደች ሌሎችን ትጎበኛለች፤ የምትመጣውም ልትዳበስ ነው። ውሻ ለሕክምና ይረዳል የሚለውን ሐሳብ በሙያ ደረጃ ቀድመው ካነሡት አንዱ አሜሪካዊው የልጆች ሳይኮሎጂስት ቦሪስ ሌቪንሰን ነው። ከሰው ጋር አልግባባ ያለ ልጅ ጂንግልስ ከተባለው የሌቪንሰን ውሻ ጋር ሲግባባ አየ። እ.ኤ.አ. በ1961 ይህንን ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ የሳቁበት ነበሩ። «ከክፍያው ለውሻው ስንት ታካፍለዋለህ?» ብለው እንደቀለዱበት ይነገራል።

ልዩነቱ ራሱ ለልጆቹ ትምህርት ነው። ሰው የሚመራ ውሻ ሥራ ላይ ነው፤ አይነካም፣ አይጠራም። ምንጣፋችን ላይ የተጋደመችው ግን ተጠይቆ ትነካለች። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። የሚያስቸግረው አዋቂው ነው።

አሁን «የአራት ዓመት ልጅ ገና ነው» ወደሚለው እንምጣ። ገና የሆነው የቱ ነው? ልጅ ሌላ ሰው እሱ የሚያውቀውን ነገር ላያውቅ፣ እንዲያውም የተሳሳተ ነገር ሊያምን እንደሚችል የሚገባው ወደ አራት ዓመት ገደማ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ሙከራ የታወቀው ይኸው ነው። ጸሐፊው ይህን ይዘው ይመስለኛል። ማገዝ ግን ከዚያ ቀድሞ ይመጣል። ፌሊክስ ቫርነከንና ማይክል ቶማሴሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ አንድ አዋቂ ሰው የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃናት ፊት ዕቃ ይጥልና መድረስ ያቃተው ይመስላል። ማንም ሳያዛቸው ተነሥተው የሚያቀብሉት ብዙ ነበሩ።

እኔም ክፍሌ ውስጥ የማየው ችግር ልጆች ማዘን አለመቻላቸው አይደለም። ጓደኛው ሲያለቅስ ያየ ልጅ ሮጦ የራሱን ድብ ያመጣለታል። አልቃሹ ግን ድቡን አይፈልግም፤ እናቱን ነው የሚፈልገው። ድቡን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ያኔ ሰጪውም ያለቅሳል። አሁን ሁለት አልቃሽ ሆኑልኝ ማለት ነው። ልጁ ደግ ነው፤ ግን የሰጠው እሱ ራሱ የሚወደውን ነው። የጎደለው «አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ጠይቆም መልሱን መጠበቅ ነው። ይህ ደግሞ የሕፃን ጉድለት ብቻ አይደለም። ነጭ በትር ይዞ መንገድ ዳር የቆመን ሰው ክንዱን አፈፍ አድርጎ፣ ሊሻገር ያላሰበውን መንገድ የሚያሻግር ስንት ትልቅ ሰው አለ!

ውሻዋ የምትገባው እዚህ ጋ ነው። አስተማሪ ሆና አይደለም። «ውሻ አስተማሪ ነው» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ጸሐፊው ራሳቸው ፈጥረው ራሳቸው የጣሉት ተከራካሪ ነው። መልመጃ ናት ብንል ይቀርባል።

የእኛ ክፍል ሥርዓት ቀላል ነው። መጀመሪያ ባለቤቷን «ልንካት?» ብሎ መጠየቅ። ከተፈቀደ ቁጭ ብሎ እሷ ራሷ እስክትመጣ መጠበቅ። ከመጣች ሦስት እስኪቆጠር ጎኗን ዳበስ ዳበስ አድርጎ እጅን መሰብሰብ። ከዚያ ማየት። ተጠግታ ከቆመች «ጨምር» ማለቷ ነው። ፊቷን ካዞረች፣ አፏን ቶሎ ቶሎ ከላሰች፣ እንቅልፍ ሳይመጣት ካዛጋች «ይበቃኛል» ማለቷ ነው።

ሦስት ቆጥሮ እጅ መሰብሰብ ለአራት ዓመት ልጅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጣቶቻቸው ሲንቀጠቀጡ አያለሁ። ሰው ለልጅ ያስመስላል። አክስት ፀጉሯ ሲጎተት እያመማት ትስቃለች። ውሻ ማስመሰል አታውቅም። ሲበቃት ፊቷን ታዞራለች፣ ግን ቂም አትይዝም። ልጁ «አይ» ተባለ፤ ማንም አልጮኸበትም። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ልትመጣም ትችላለች። «አይ» መባል መጠላት እንዳልሆነ ለዚህ ዕድሜ የሚያሳይ ሌላ ብልሃት ያለው ይንገረኝ።

ስለ መንከስ ጸሐፊው አላጋነኑም። ትንንሽ ልጆች በውሻ ሲነከሱ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ፊታቸውና ጭንቅላታቸው ላይ ነው። የሚነክሳቸውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ውሻ ነው። የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከርስቲን ማይንትስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት እኔንም አስደንግጦኛል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች የውሻን የጭንቀትና የቁጣ ምልክት በጣም ያምታታሉ። ጥርሱን ያገጠጠን ውሻ «ደስ ብሎታል» የሚሉ አሉ። ሲሠለጥኑ ግን ይሻሻላሉ።

ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው «ስለዚህ አይቅረቡ» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ስለዚህ ይማሩ» እላለሁ። ክፍል ውስጥ ባያገኟት ጎረቤት ቤት ያገኟታል። ያኔ ማሰሪያዋን የያዘ ሰው አጠገባቸው ላይኖር ይችላል።

ደግሞም ውሻ ያለው ሁሉ እየጎተተ አይገባም። ለምሳሌ ፔት ፓርትነርስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ዓመት ያልሞላውን ውሻ አይመዘግብም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግዴታ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ውሻ አይቀበሉም። የሚፈተኑት ውሻውና ባለቤቱ አንድ ላይ ነው፤ ይህ ብልህነት ነው፣ ጥሩ ውሻ በመጥፎ ባለቤት እጅ ሲበላሽ አይቻለሁና። አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ወላጅ አስቀድሞ ይጠየቃል። «ልጄን አይመለከተውም» ላለ ወላጅም በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ሌላ ጨዋታ አለ። ስለ ቆሻሻውስ? እጅ መታጠብ ነው። ከሃያ ልጅ አፍንጫ ጋር ከምትውል አስተማሪ ጋር ስለ ንጽሕና ባይከራከሩ ይሻላል።

የሚፈራ ልጅ? አንድ ነበረኝ። ውሻዋ በመጣች ቁጥር በር ላይ ይቆም ነበር። ለምዶ፣ አቅፎ፣ ሁሉም አጨበጨበ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልነካትም። የተለወጡት ሌሎቹ ናቸው። መጀመሪያ «ፈሪ!» ሲሉት የነበሩት በኋላ ውሻዋ ከመግባቷ በፊት «አንተ የት ትቀመጣለህ?» ብለው ይጠይቁት ጀመር። የሱን ቦታ ትተው ነበር ምንጣፉን የሚያነጥፉት።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። ጸሐፊው «ውሻ በመዳበስ ስለ አካል ጉዳተኛ ይማራሉ ማለት ሰውየውን ከውሻው እኩል ማድረግ ነው» ይላሉ። ይህን ሳነብ ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጣሁም። ቋንቋችንን አስቡት። «ውሻ» ስድብ ነው። «ደንቆሮ»ም ስድብ ነው፤ አለመስማት አለማወቅ ይመስል። «ዕውር ነህ እንዴ?» የምንለው ዓይን ላለው ሰው ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያገኝ ማንም ቢደነግጥ አይገርመኝም።

ደግሞ የሚያስደነግጥ ጉብኝትም አይቻለሁ። አንዲት ጎብኚ ባለ ሦስት እግር ውሻ ይዛ መጣች። ገና ከመግባቷ «አያችሁ ልጆች? ታሳዝናለች አይደል?» አለች። ልጆቹ በአንድ አፍ «አዎ» አሉ። ከንፈር የመጠጡም ነበሩ፤ የአራት ዓመት ልጅ ከንፈር ሲመጥ ማየት እንዴት ያስጠላል! ከየት እንደተማሩት ግልጽ ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ሠራሽ እግር ያላትን የጽዳት ባልደረባችንን አንዷ ልጅ «ታሳዝኛለሽ» አለቻት። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ለዜሮ ይመራሉ። የሁለቱ ነጥቦች የመጀመሪያው ይኸው ነው፦ ባልታሰበበት ጉብኝት የሚገኘው ርኅራኄ ሳይሆን ከንፈር መምጠጥ ነው።

ግን የዚያኑ ዓመት ሌላ ባለ ሦስት እግር ውሻ መጣች፤ ከሌላ ባለቤት ጋር። ሰውየው ስለ እግሯ ምንም ሳይል ተቀመጠ። ልጆቹ ዝም አይሉም፣ «እግሯ የት ሄደ?» አሉ። «ታማ ነበር፣ ሐኪሟ ቆረጠው። አሁን አያማትም። መሮጥ ትወዳለች፤ ደረጃ ነው የሚያስቸግራት» አለ። አንዱ ልጅ ትንሽ አሰበና «ታዲያ ደረጃ ለምን ተሠራ?» አለ። ሰውየው ወደኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። የአካል ጉዳተኞች መብት ተከራካሪዎች ለዐሥርተ ዓመታት ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ ነው፤ ችግሩ ሰውየው ላይ ነው ወይስ ደረጃው ላይ?

መስማት የማትችል ውሻ ስትመጣም እንደዚያው ነው። ብትጠራት አትዞርም። ስለዚህ ልጆቹ ፊት ለፊቷ ሄደው በእጅ ምልክት መጥራት ይማራሉ። ያስተካከሉት የራሳቸውን አጠራር እንጂ ውሻዋን አይደለም።

ከሁሉም የምወደው ጉብኝት ግን ውሻዋ ምንም ያልጎደላት፣ ባለቤቷ ዊልቸር የምትጠቀምበት ነው። ጸሐፊው ይህን ዓይነቱን ጨርሶ አላነሡትም። ልጆች አካል ጉዳተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ሲታገዝ ነው። እዚህ ግን አለቃዋ እሷ ናት። ሃያ ልጅ በየተራ «ልንካት?» ብሎ የሚለምነው እሷን ነው። ስትፈልግ «እሺ»፣ ስትፈልግ «አሁን አይሆንም» ትላለች። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ሰዎች ተገናኝተው ጭፍን ጥላቻቸው እንዲቀንስ ምን እንደሚያስፈልግ ሲዘረዝር አንዱ በእኩል ደረጃ መገናኘት ነው። ምንጣፋችን ላይ ከእኩልም ያልፋል።

ከዚያ ጥያቄው ይዘንባል። «ማታ ዊልቸሩ የት ይተኛል?» «ሽንት ቤትስ?» «ጎማው ቢተነፍስስ?» ሁሉንም ትመልሳለች። ደስ የማይላትን «እሱ የግሌ ነው» ትላለች፤ ይህም ጥሩ መልስ ነው። ልጅ እንዲህ ሲጠይቅ እኛ ትልልቆቹ «እሽ!» ብለን እንቆነጥጠዋለን። ልጁ የሚማረው ጨዋነትን ይመስለናል። የሚማረው ግን ነገሩ የሚያሳፍር መሆኑን ነው።

ውሻዋ እዚህ ምን ትሠራለች? ወሬ ታስጀምራለች። ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ቦኒ ማደር፣ ሊነት ሃርትና ቦኒታ በርጊን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት ዊልቸር የሚጠቀሙ ልጆችን ትምህርት ቤት ግቢና የገበያ ማዕከል ውስጥ ተከታትለዋል። አጋዥ ውሻ፣ እንደ መሪ ውሻ ለአንድ ሰው የሚሠራ ማለት ነው፣ አብሯቸው ሲሆን ሰው የበለጠ ያያቸዋል፣ ፈገግ ይልላቸዋል፣ ያነጋግራቸዋል። ያ አጋዥ ውሻ እንጂ የቴራፒ ውሻ አይደለም፤ ቅድም ስም እናጥራ ያልኩት እኔው ስለሆንኩ አልደብቅም። ግን ነገሩ ገብቷችኋል። ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ሲያገኝ ማፍጠጡ ይቀራል፤ አፍም ይከፈታል።

ይህ የቅንጦት ትምህርትም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት አለበት፤ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 8 ልጆች ሁሉ ከለጋ ዕድሜያቸው ጀምሮ ለአካል ጉዳተኞች መብት አክብሮት እንዲያድርባቸው በትምህርት ሥርዓቱ ይሠራ ይላል። ውሻ ይምጣ አይልም፤ «ገና ናቸው» ለሚለው ግን መልስ ነው።

ስለ ውሻው ሥቃይ ብዙ አልከራከርም። ሊሠቃይ ይችላል። ለዚህ ነው ፔት ፓርትነርስ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ጉብኝት የማይፈቅደው። ከኬጂ ልጆች ጋር ሲሆን ያም ይበዛል፤ እኔ ግማሽ ሰዓት ይበቃል ባይ ነኝ። አንዴ ገና ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ውሻዋ ደጋግማ ስላዛጋች ባለቤቷ ይዛት ወጣች። ክፍሉ በለቅሶ ተናወጠ። አልመለስናትም።

ጥናቱ ውሃ አያነሳም ላሉት ግን ግማሹን እሰጣቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ልክ የሆኑበት ቦታ ይህ ነው። ቪየና ውስጥ የተሠሩና እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የታተሙ ሁለት ጥናቶች አሉ። ክፍል ውስጥ ውሻ ሲውል የአንደኛ ክፍል ልጆች እርስ በርስ የተሻለ እንደተግባቡ ያሳያሉ። በ2002ቱ ላይ ለእንስሳት የነበራቸውም ርኅራኄ ጨምሯል። ጥሩ ነው። ግን የአንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ የኬጂ አይደሉም። የቆየውም አንድ ጠዋት አይደለም። የልጆቹም ቁጥር ጥቂት ነው። ለእንስሳ ማዘንም በራሱ ለሰው ማዘን አይሆንም። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ውሻ አስመጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ «ርኅራኄ አስተማርን» የሚል ትምህርት ቤት ካለ ጸሐፊው ይውረዱበት፤ እኔም አግዛቸዋለሁ። ያ ድግስ ነው። እኔ የምሟገተው ተመላልሶ ለሚመጣ፣ በፊቱና በኋላው ክፍል ውስጥ ለሚወራበት ጉብኝት ነው።

የገረመኝ ግን ለውሻው ጥናት አምጡ ያሉት ሰው ለሻሻቸው ምንም ጥናት አለማምጣታቸው ነው። ጥናት ስላለ እኔ ላምጣላቸው። ሥነ ልቦና አጥኚዋ አሪየል ሲልቨርማን ራሷ ማየት የተሳናት ናት። ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ሆና ዓይናቸው ተሸፍኖ ዕውርነትን የሞከሩ ሰዎችን አጥንታለች። እነዚህ ሰዎች ዓይናቸው ካልተሸፈነው ይልቅ ማየት የተሳነው ሰው ሠርቶ መኖርና ራሱን መቻል ያቅተዋል ወደሚል ግምት አዘነበሉ። ምክንያቱ አይጠፋም። ሻሽ ያሰረ ሰው የሚቀምሰው የዕውርነትን የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ነው፤ መደናበሩንና ፍርሃቱን። ዓመታት የፈጀውን መልመድ፣ በበትሩ መንገድ ማንበቡን፣ በድምፅ ክፍል መለየቱን አይቀምስም። እነዚያ ደግሞ አዋቂዎች ናቸው። የአራት ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ገጭቶ፣ ሻሹን ቀድዶ ጥሎ ሲያለቅስ ምን ይዞ የሚሄድ ይመስላችኋል?

ክፍሌ ውስጥ ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ አለ። በዓመቱ መጀመሪያ ጓደኞቹ ከኋላው መጥተው በደግነት ይገፉት ነበር። እሱ ይጮኻል። እነሱ ለምን እንደሚጮኽ አይገባቸውም፤ እያገዙት ነዋ። በስንት ልመና፣ በስንት ቁጣ አልቆም ብሎኝ ነበር። ጉብኝቶቹ ከተጀመሩ ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከገፊዎቹ ዋናዋ በፊቱ በኩል ዞራ መጥታ ቆመች። እጆቿን ኋላዋ አጣምራለች፤ ምንጣፉ ላይ እንደምታደርገው። «ልግፋህ?» አለችው። መለሰላት። እኔ ሩቅ ስለነበርኩ አልሰማሁም።

ስታልፍ «ምን አለሽ?» አልኳት።

«‹ራሴ› አለኝ» አለችና ወደ ብሎኮቿ ሄደች።